ገበሬው ከትምህርት ቦርድ ይነሳ ለሚለው ጽሁፍ መልስ አለኝ

ሰሞኑን ጎጃም ውስጥ ተመርጠው ስለሚቀመጡ የትምህርት ቦርድና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት (ወተመህ) አባላት የተጻፈ አንድ ጽሁፍ ሰው እየተቀባበለው ነው። የጸሐፊው ሀሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአባላቱ ማንነት ሲታይ አብዛኛው ገበሬ ነው፣ ቄስ አለበት፣ ለኮታ የገባች ሴት አለች፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው አለ፣ የተማረ የሚባል ግን የለም፣ የልጆቻችን ውጤት ገደል የገባው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ምርጫው ይቅርና ወረዳው ዲግሪ ያላቸውን የአካባቢውን ተወላጆች ይመድብ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ውስጥ የማስተምር መምህር ነኝ፣ ወተመህ ውስጥ የመምህራን ተወካይ ሆኜ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው «ያልተማሩ» ያሏቸው ሰዎች አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ሲባልባቸው ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከውጤቱ ልነሳ፣ ምክንያቱም ጽሁፉ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ጸሐፊው የ12ኛ ክፍል ፈተናን ቁጥር ጠቅሰዋል፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ በ2014 ዓ.ም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ። ግን እኮ ይሄ የአገሪቱ ውጤት ነው፣ የአንድ ቀበሌ ገበሬ የአገር ውጤት እንዴት አድርጎ ይጠየቅበታል? 2014 ላይ የተለወጠው ነገር ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ መሰጠት መጀመሩ ነው፣ ኩረጃው ሲዘጋ ለዓመታት ተሸፋፍኖ የኖረው ወጣ። እሱም የተጠራቀመው ከታች ነው፣ 4ኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ የማይጨርስ ልጅ እየተዛወረ እየተዛወረ ሄዶ 12ኛ ላይ ሲወድቅ ነው የምናየው። ጎጃም ላይ ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ስንት ት/ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ጸሐፊውም ያውቃሉ፣ ጽሁፋቸው ውስጥ ግን አንድ መስመር አላገኘሁም። ጥቁር ሰሌዳ ሳያይ ዓመት ያለፈው ልጅ ቢወድቅ ጥፋቱ የቦርዱ ሰብሳቢ ማንበብ አለመቻሉ ነው ሊባል አይችልም።

ሌላው ቀርቶ እነዚህ ሰዎች ምን ሥልጣን አላቸው? ወተመህና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ባሁኑ መልካቸው የመጡት በ1994 ዓ.ም በወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የህብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ነው። ሥራቸው የት/ቤቱን ዕቅድ ማየት፣ ድጎማ በጀቱ ምን ላይ እንደዋለ መከታተል፣ ከህብረተሰቡ ገንዘብና ጉልበት ማስተባበር፣ ያቋረጠ ልጅ መመለስ፣ ተማሪና መምህር ሲጋጭ መዳኘት ነው። መምህር አይቀጥሩም። ርዕሰ መምህር አይሾሙም። መጽሐፍ አያሳትሙም፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ተማሪው ያለ መጽሐፍ ተቀምጦ መምህሩ በስልኩ ካወረደው ኮፒ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ የነበረው በነሱ ውሳኔ አይደለም። የመምህሩ ደሞዝ ወር አጋማሽ ሳይደርስ ማለቁም እንደዛው።

እና ዲግሪ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ የወረዳው ቦርድ ላይ ውጤቱን ባየነው ነበር። እዛ የሚቀመጡት በአብዛኛው በሥልጣናቸው ነው፣ አስተዳዳሪው አለ፣ የትምህርት ጽ/ቤት ኃላፊው አለ፣ ሌሎችም ኃላፊዎች አሉ፣ ዲግሪ የሌለው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እነሱን አልወቅስም፣ የመንገዱም የግብሩም የማዳበሪያውም ስብሰባ እነሱ ላይ ነው ያለው፣ የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ደግሞ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚተላለፈው ነው። ጸሐፊው ታች ያለውንም እንደዚህ እናድርገው ነው የሚሉት።

አሁን ወደ ዋናው ስድብ ልምጣ፣ «ገበሬ ስለ ትምህርት ምን ያውቃል» ወደሚለው። አንድ ነገር ልናገር። ለአንድ መማሪያ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ተገዛ፣ ፕሮፎርማው ሦስት ነው፣ ፊርማው ሙሉ ነው፣ ደረሰኙ ላይ 32 ጌጅ ይላል፣ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆርጦ ንብረት ክፍል ሊገባ ነው። ከአባላቱ አንዱ፣ ሁላችንም አያ ብለን የምንጠራው ሽማግሌ ገበሬ፣ ከመኪናው የወረደውን አንዱን ቆርቆሮ ብድግ አድርጎ በአንድ እጁ መዘነው፣ ከዛ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እጥፍ አለ። «ይሄ 35 ነው፣ ባለፈው ዓመት ለራሴ ቤት ገዝቼ የመለስኩት ዓይነት ነው» አለ። ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ቀጭኑ ነው ማለት ነው፣ በዋጋም በዕድሜም የማይገናኝ፣ የጎጃም በረዶ ሁለት ክረምት አያቆየውም። ነጋዴው ተከራከረ፣ በኋላ ግን ጭኖ ወስዶ ቀይሮ አመጣ። አያ ስሙን ይጽፋል፣ ከዛ አያልፍም። የክፍሉን ጣሪያ ግን ያዳነው እሱ ነው፣ ልጆቹም አሁን እዛ ውስጥ ናቸው።

ይሄ ደግሞ የቆርቆሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ህዳርና ታህሳስ ላይ ጤፍ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ እንደሚሆን ገጠር ያስተማረ ሁሉ ያውቃል፣ እኛ መምህራን ስም ጠርተን «ቀሪ» እንላለን፣ ሪፖርት እንጽፋለን፣ በቃ። ገበሬው አባል ግን የትኛው ጎጥ መጀመሪያ እንደሚያጭድ፣ የማን ልጅ ከብት ላይ እንደዋለ፣ የማን አባት ታሞ ልጁ በሱ ፋንታ እንደገባ ያውቃል፣ ፈረቃው ለነዛ ሳምንታት እንዲቀያየር የሚጠይቀው እሱ ነው፣ ልጁን በወንፈል ተክቶ «የሱን እርሻ እኛ እናጭዳለን ልጁን ላክ» ብሎ የሚያስማማውም እሱ ነው። ይሄን በዲግሪ ማን ይሰራዋል? እኔም ዲግሪ አለኝ፣ ያ ቤት ሄጄ እንደዛ ብናገር ማንም አይሰማኝም።

ስለ ፊደል ካነሱ ደግሞ የጎጃምን ታሪክ አይርሱ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በጋዝ ኩራዝ ማታ ማታ የተማሩ ገበሬዎች ዛሬም በህይወት አሉ፣ ቃለ ጉባኤውን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ የሚያነቡት እነሱ ናቸው፣ «መምህር፣ እዚህ ጋ ያልኩት እንዲህ አልነበረም» ብለው ያስቆሙኛል። ከነሱ በፊት ደግሞ ዋሸራና ጎንጅን የመሰለ ቅኔ ቤት ያለበት፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መርጡለ ማርያም እየተባለ ተማሪው ከየአገሩ የሚጎርፍበት ምድር ነው። ዓመታት ቅኔ ቆጥሮ ድጓ የተማረ መሪጌታ ፎርሙ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ቦታ ሲደርስ ሰረዝ ይደረግበታል። ጸሐፊው ያነበቡት ያን ሰረዝ ነው፣ ሰውየውን አላዩትም።

ከዚሁ ጋር ስለ ቄሶቹ ያሉትን ላንሳ። ህገ መንግሥቱን ጠቅሰው ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ነው ይላሉ፣ ልክ ነው፣ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 እንደዛ ይላል። ግን ሙሉውን ይጥቀሱት፣ እዛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከፖለቲካ አመለካከትም ከባህላዊ ተጽዕኖም ነፃ ይሁን ይላል። ቄሱ እኮ የሚቀመጡት ልጅ ስላላቸው ነው፣ ወላጅ ናቸው፣ ክፍል ገብተው ውዳሴ ማርያም አያስተምሩም። እኔ ያየሁት አንድ ችግር አለ፣ የወላጆች ስብሰባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተክርስቲያን ግቢ ሲጠራ ሙስሊም ወላጆች አይመጡም፣ ቢመጡም አጥር ውጪ ቆመው ነው የሚሰሙት። መፍትሄው ግን ቄሱን ማባረር አይደለም፣ ስብሰባውን ት/ቤት ግቢ ማድረግ ነው። የፖለቲካው ነገር ከተነሳ ደግሞ የቀበሌ ሊቀመንበሩ በየቦርዱ ሰብሳቢ መሆኑ ከቄሱ በላይ ያሳስበኛል፣ ጸሐፊው እሱን አላነሱትም።

«የአካባቢው ተወላጅ» ስለሚሉት ነገር፣ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለው ተርተዋል። እሺ፣ አዊ ውስጥ ቻግኒ ከተማ ያሉትን ተፈናቃዮች እንይ። በ2013 ዓ.ም ከመተከል የሸሸው ህዝብ ራንች መጠለያ በድንኳን ሲኖር አይተናል፣ ከዛ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ዘመድ ተጠግቶ እዛው የቀረ አለ፣ ልጆቹ እዛው ት/ቤት ገብተዋል። አባትየው ቦርድ ላይ ቢመረጥ ምኑ ነው ነውሩ? ልጁ ዩኒፎርም የለውም፣ ሰርተፊኬቱ በእሳት ተቃጥሏል፣ ስንተኛ ክፍል ይግባ የሚለው ራሱ ጭቅጭቅ ነው፣ ይሄን ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ የሚያመጣው የደረሰበት ሰው እንጂ ሰባት ትውልድ እዛው የኖረው አይደለም። እኔም ራሴ ከማስተምርበት ቀበሌ አይደለሁም። በጸሐፊው መስፈርት የመምህራን ተወካይ መሆን አልችልም፣ ግማሹ መምህር አይችልም።

ደግሞስ ሰውን በትውልዱ እየለዩ ከቀበሌ ጉዳይ ማግለል ጎጃም ላይ ምን እንዳደረገ እንዴት ይረሳል? በ1989 ዓ.ም የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማህበር ኃላፊ የነበረው «ቢሮክራሲ» ተባለ፣ የባላባት ዘር ነው የተባለው «ፊውዳል» ተባለ፣ መሬቱ ተቀንሶ አራት ጥማድ ብቻ ቀረለት፣ ከቀበሌ ኃላፊነትም እንዲርቅ ተደረገ። ስም የወጣለት አባትየው ነው፣ ልጆቹ ግን ት/ቤት ውስጥ ሳይቀር «የቢሮክራሲ ልጅ» እየተባሉ ነው ያደጉት። አንዳንዱ ቀበሌ ላይ ቂሙ እስካሁን አለ፣ ምርጫ ሲመጣ እነማን እጅ እንደማይወጣላቸው ብትመለከቱ ያኔ የተጻፈውን ዝርዝር ታገኙታላችሁ። እንደገና «ማነው የማን ዘር» የሚል ዝርዝር እናውጣ ማለት እሳት መጫር ነው።

ሴቶቹን በሚመለከት ረጅም አልጽፍም። «ለኮታ ገብተው ቁጭ ነው» ይላሉ። እኛ ጋ የወተመህ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነበር የሚጠራው፣ ገበያ ቀን፣ ሴቶቹ በርበሬና ጌሾ ተሸክመው ገበያ ናቸው፣ የመጣችውም አንዷ በር ላይ ተቀምጣ ቶሎ ለመሄድ ትቁነጠነጣለች። ቀኑ ሲቀየር መጡ፣ መጥተውም ተናገሩ። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ነው፣ በሩ ተነቅሎ ስለከረመ ከፍ ያሉት ሴቶች ልጆች በእረፍት ሰዓት ቤታቸው ሄደው እንደማይመለሱ ተናገሩ። የዛ ዓመት ዕቅድ ላይ የነበረው የግቢ በር ቀለም ቅብ ነበር፣ ተሰረዘ፣ በር ተገጠመ። ልጆቹ ከሰዓት መዋል ጀመሩ። በቃ ይሄው ነው።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ። የአባላቱ ማንነት ይታይ ማለታቸው ትክክል ነው፣ እኔም እንዲታይ እፈልጋለሁ፣ እሳቸው ግን የተቀመጡትን ነው የቆጠሩት፣ ወንበር አጥተው የቀሩትን አልቆጠሩም። እስኪ ጎጃም ውስጥ የየት/ቤቱን የወተመህ ስም ዝርዝር አውጡና ሸክላ ሰሪ ፈልጉ። ሸማኔ ፈልጉ። ቀጥቃጭ ፈልጉ። ፋቂ ፈልጉ። ባህር ዳር ዙሪያና ጣና ዳር ደግሞ ወይጦዎችን ፈልጉ፣ ታንኳውን የሚሰሩት እነሱ ናቸው፣ ልጆቻቸው ግን ስንቱ 8ኛ ክፍል እንደደረሰ ጠይቁ። አዊ ውስጥ በአገውኛ ማስተማር ከተጀመረ ቆይቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አማራና አገው ተቀላቅሎ በሚኖርበት ቀበሌ ስብሰባው በአማርኛ ብቻ ስለሚካሄድ አገውኛ ብቻ የሚናገሩት እናቶች ጨርሰው ሳይናገሩ ነው የሚበተነው። መሬት የሌለው ወጣት ወላጅም የለም፣ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በሬ ያለው፣ በሰንበቴም በእድርም ሰብሳቢ የሆነው ያው ሰው ነው።

የዚህን ጉዳት በአይኔ አይቻለሁ። ያቋረጡ ልጆች ስም ሲነበብ የአንዲት 3ኛ ክፍል ልጅ ስም መጣ፣ እናቷ ሸክላ ሰሪ ናት። ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ «እነሱ ለትምህርት ግድ የላቸውም» አለና ወደሚቀጥለው ስም ታለፈ። ቤታቸውን የሚያውቅ ከመሀላችን አልነበረም፣ የዛ ሰፈር ሰው ተመርጦ አያውቅማ። በኋላ ቤታቸው ተሄደ። እናትየው እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ነው የወጣችው፣ ምጣድ እየሰራች ነበር፣ ደጁ ላይ ያልተተኮሰ ጀበና ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። የሆነው ነገር ይሄ ነው፣ ልጅቷ የጠጣችበትን ኩባያ ሌሎቹ አንነካም አሉ፣ «ቡዳ» አሏት፣ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች፣ አንድ ቀን ስታለቅስ መጥታ አልመለስም አለች። እናትየው ግድ የላትም የተባለችው ሴት ናት እንግዲህ። «እኔማ በምጣድ ብር ደብተር ገዝቼላታለሁ፣ ማን ልበላቸው?» አለች።

ማን ልበላቸው። ለማን ትንገር? ቦርዱ ላይ ያለው ሰው ልጁን ከሷ ልጅ ጋር እንዳትቀመጥ የሚለው ሰው ነው። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ተናገረ፣ ልጅቷ ተመለሰች፣ ደስ ብሎናል፣ ግን ይሄ የሆነው አንድ ሰው ቤቷ ስለሄደ ነው፣ ለሌሎቹ ማን ይሄዳል? የዛ ሰፈር ሰው ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ያ «ግድ የላቸውም» የሚለው ቃል እዛው መልስ ያገኝ ነበር። ህገ መንግሥቱ ባህላዊ ተጽዕኖ ያለው እኮ እንዲህ ዓይነቱንም ነው።

እና ጸሐፊው ያቀረቡት መፍትሄ ይሄን ያባብሰዋል። ወረዳው ዲግሪ ያለው ተወላጅ ይመድብ ከተባለ ሸክላ ሰሪዋ፣ ተፈናቃዩ፣ ወይጦው፣ አገውኛ ተናጋሪዋ እናት በሁለት በር ተዘጋባቸው ማለት ነው፣ ዲግሪ የላቸውም፣ ብዙ ቦታ ላይም እንደ ተወላጅ አይቆጠሩም። የተመደበ ሰው ደግሞ የሚፈራው የመደበውን ነው። በ2015 ዓ.ም «ትምህርት ለትውልድ» ሲባል ህዝቡ እህልም ብርም እንጨትም አውጥቷል፣ ድንጋይ በጀርባው ያመጣ አለ፣ በጎጃም ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙው የገጠር ክፍል በደቦ የቆመ ነው። ያወጣው ብር የት ገባ ብሎ የሚጠይቅለትን ሰው ራሱ ካልመረጠ ከዚህ በኋላ ምን ብለን አዋጣ እንለዋለን?

ስለ አበል ያሉት ደግሞ መሰረት የለውም። አባላቱ «አበል ፍለጋ ነው የሚመጡት» ብለዋል። እኔ እስከማውቀው እኛ ጋ ለወተመህ ስብሰባ አበል የለም፣ ሻይም የለም፣ አንዳንዴ ቆሎ ይዞ የሚመጣው ራሱ ገበሬው ነው፣ ወረዳ ለመሄድ ሲፈለግ የትራንስፖርቱን ከኪሱ ነው የሚያወጣው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ምርጫው ይቀጥል፣ ግን በጅምላ አንድ ሜዳ ላይ እጅ በማውጣት መሆኑ ይቅር፣ በየጎጡ ይሁን፣ ምክንያቱም ሜዳ ላይ ሁሌ የሚያሸንፈው ትልቁ ዘመድ ነው። የእደ ጥበብ ሰሪ ሰፈር ባለበት ቀበሌ ለነሱ ቢያንስ አንድ ወንበር ይያዝ፣ እነሱው ይምረጡት። አገውኛ ተናጋሪ ባለበት አስተርጓሚ ይቀመጥ፣ ወጪ የለውም፣ ከመምህራኑ ሁለቱንም የሚችል አይጠፋም። ማንበብ የማይችል አባል ካለ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ እኛ ጋ እንደዛ ነው የምናደርገው፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። የድጎማ በጀቱ ገቢና ወጪ በትልቁ ተጽፎ ግቢው በር ላይ ይለጠፍ። ዲግሪ ያላቸው የአካባቢው ልጆች ማገልገል ከፈለጉ ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ ልጅ ካላቸው ይወዳደሩ፣ ከሌላቸውም ክረምት ላይ መጥተው ማጠናከሪያ ያስተምሩ፣ ሂሳብና እንግሊዝኛ የሚያስተምር አጥተናል።

ጸሐፊውን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ላብቃ። እርስዎ ባሉት አሠራር የዚያች ሸክላ ሰሪ አቤቱታ ቦርዱ ዘንድ በማን በኩል ይደርሳል? ጽሁፍዎ ላይ ፈልጌ አጣሁት፣ መልስ ካለዎት ባነበው ደስ ይለኛል።